ብጉር ጥሎት የሄደው ጉድጓድ፦ ያለ ቀዶ ሕክምና ምን ይሠራል?

ብጉሩ ድኗል። ፊት ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ጉንጭ ላይና አገጭ አካባቢ ትንንሽ ጉድጓዶች ቀርተዋል። ሐኪሞች አትሮፊክ ጠባሳ ይሏቸዋል፤ እኛ ጎድጓዳ ጠባሳ እንበላቸው። ለእነዚህ ጉድጓዶች የሚሸጠው ነገር ብዛት ግራ ያጋባል። ክሬም፣ ሴረም፣ መርፌ ያለው ሮለር፣ ፒል፣ ሌዘር። ሁሉም «ያለ ቀዶ ሕክምና ፊትዎን እናድስ» ይላል።

እንደኔ አስተያየት፣ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው የማይረባ ሕክምና ገዝቶ አይደለም። ደህናውን ሕክምና ለማይሆነው ጠባሳ ስለገዛ ነው። ስለዚህ ከማሽኑ በፊት ጉድጓዱን እንወቀው።

መጀመሪያ፦ ጠባሳ ነው ወይስ ቀለም?

«ጠባሳ አለብኝ» ከሚሉት ሰዎች ብዙዎቹ የሚያሳዩት ጥቁር ነጥብ ነው። ቆዳ በብጉር ሲቆጣ ሜላኒን የሚባለውን ማቅለሚያ ከልክ በላይ ያመርታል። ብጉሩ ይከስማል፤ ጥቁረቱ ይቀራል። ጠየምና ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ይህ በጣም የተለመደ ነው። ነጣ ያለ ቆዳ ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚቀረው ቅላት ነው። ሁለቱም ቢሆኑ ቆዳውን አላጎደጎዱትም። በወራት ውስጥ፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ወስደው፣ እየደበዘዙ ይሄዳሉ። ጉድጓድ ግን ስለቆየ ብቻ አይሞላም።

መለየቱ ቀላል ነው። መስታወት ፊት ቁሙና መብራቱን ከጎናችሁ አድርጉት። ጥላ ካጠላ ጉድጓድ አለ። ምንም ጥላ ሳይኖር ቀለሙ ብቻ ከተለየ ያ ጠባሳ አይደለም። በጣትም ዳስሱት፤ ቀለም ብቻ ከሆነ ከዙሪያው ቆዳ ጋር እኩል ነው። ልዩነቱን ማወቅ ኪስም ያድናል። ጥቁረትን የሚያደበዝዝ ክሬም ጉድጓድን አይሞላምና።

እርግጥ አብዛኛው ፊት ሁለቱንም ይዟል። ጉድጓዱ ውስጥ ጥቁረት ሲኖር የባሰ ጥልቅ ይመስላል። ጥቁረቱ ብቻ ሲጠፋ «ጠባሳዬ ግማሹ ለቀቀኝ» የሚል ሰው ያጋጥማል፤ ለዓይን እውነቱን ነው።

ጉድጓዱ ከየት መጣ?

ብጉር የሚነሳው ፀጉር ከሚበቅልበት ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው በቅባትና በሞቱ ሴሎች ይደፈናል፣ ባክቴሪያ ይራባበታል፣ ሰውነት ይቆጣል። ቁጣው ሲበረታ የቀዳዳው ግድግዳ ይፈነዳና በውስጡ ያለው ሁሉ ወደ መካከለኛው የቆዳ ክፍል ይፈስሳል። ይህ ክፍል ደርሚስ ይባላል። ቆዳን ወጥሮ የሚይዘው ኮላጅን የሚገኘው እዚያ ነው። ለመከላከል የመጡት የሰውነት ሴሎች የሚለቋቸው ኢንዛይሞች ታዲያ ኮላጅኑንም አብረው ይበሉታል። ቁስሉ ሲድን የጎደለው ካልተተካ ቆዳው ይሰረጉዳል። ከልክ በላይ ከተተካ ደግሞ ጠባሳው ወደ ላይ ያብጣል፤ ከቁስሉ ወሰን አልፎ የሚያድግ ኬሎይድም ሊሆን ይችላል። ከብጉር ጠባሳዎች 80 እስከ 90 በመቶ የሚሆኑት ግን ኮላጅን የጎደላቸው ናቸው።

እንግዲህ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ሕክምናዎች ከሞላ ጎደል አንድ ዓላማ አላቸው። ቆዳውን በልኩ ይነካኩትና አዲስ ኮላጅን እንዲሠራ ያደርጉታል። ሥራውን የሚሠራው ሰውነት ራሱ ነው። ሰውነት ደግሞ አይቸኩልም። አንድ ዙር ሕክምና ከተደረገ በኋላ ኮላጅኑ እየተሠራና እየተስተካከለ የሚቆየው ከ3 እስከ 6 ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰዎችን የሚያሳስት ነገር አለ። ከሌዘር ወይም ከመርፌ ሕክምና በኋላ ፊት ለጥቂት ቀናት ያብጣል። እብጠቱ ጉድጓዱን ከታች ይገፋውና የሞላ ያስመስለዋል። ሰው በሳምንቱ «ተአምር ነው!» ይላል። እብጠቱ ሲጎድል ጉድጓዱ ተመልሶ ይታያል፤ ያን ጊዜ «ተበላሸብኝ» ይላል። ሁለቱም ፍርዶች የችኮላ ናቸው።

ብጉሩ ገና እየወጣ ከሆነ ደግሞ ስለ ጠባሳ ማውራት ጊዜው አይደለም። በአንድ በኩል እየሞሉ በሌላ በኩል መቆፈር ይሆናል። ጠባሳን በተመለከተ ከሁሉ የሚበልጠው ሕክምና የተቆጣውን ብጉር ቶሎ ማብረድ ነው። መጭመቅና ማፍረጥም ቁጣውን ወደ ጥልቁ ይገፋዋል። «በራሱ ጊዜ ይተወኛል» እያሉ ዓመታት መጠበቅም ዋጋ ያስከፍላል፤ ቁጣው በቆየ ቁጥር ጠባሳ የመተው ዕድሉ ይጨምራልና።

ሦስት መልክ ያለው ጉድጓድ

ጎድጓዳ ጠባሳ ሁሉ አንድ አይደለም። የቆዳ ሐኪሞች በሦስት ይከፍሉታል፤ ምርጫው ሁሉ የሚወሰነውም በዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ጠባብና ጥልቅ ነው። ስፋቱ ከ2 ሚሊ ሜትር ያንሳል፤ ወፍራም መርፌ የወጋው ይመስላል። ከላይ ሰፋ ብሎ ወደ ታች እየጠበበ እስከ ደርሚስ ግርጌ ሊወርድ ይችላል። ከሦስቱ በብዛት የሚታየውም ይኸው ነው። ክፋቱ፣ አብዛኞቹ ክሬሞችና ሌዘሮች ግርጌው አይደርሱም።

ሁለተኛው ሳጥን መሰል ነው። ክብ ወይም ሞላላ ሆኖ ጠርዙ ቀጥ ብሎ የሚወርድ፣ ወለሉ ደግሞ ጠፍጣፋ የሆነ። ስፋቱ ከ1.5 እስከ 4 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ጥልቀቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ካልበለጠ ጥልቀት የሌለው ይባላል፤ ያለ ቀዶ ሕክምናም ጥሩ ለውጥ ያሳያል። ከዚያ ከበለጠ ይከብዳል።

ሦስተኛው ሞገድ መሰል ነው። ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ሰፊ ነው፣ ስለታም ጠርዝ የለውም፤ ጉንጭን ወጣ ገባ ያደርገዋል። ችግሩ ያለው ከላይ አይደለም። ከቆዳው ሥር ጠንካራ ክሮች ተፈጥረው ቆዳውን ወደ ታች ስበው ይዘውታል። የተሰፋ ፍራሽን አስቡ፤ ክሩ የሳበው ቦታ ይሰረጉዳል፣ ጨርቁን ከላይ ብታሹት ምንም አይለወጥም። ክሩ መለቀቅ አለበት።

ለዚህ ደግሞ የምትሞክሩት ነገር አለ። ጠባሳው ያለበትን ቆዳ በሁለት ጣት ቀስ ብላችሁ ወጥሩት። ሲወጠር የሚጠፋ ከሆነ ጥልቀት የለውም ወይም ሞገድ መሰል ነው፤ ኮላጅን ሲጨምር የመሻሻል ተስፋ አለው። ወጥራችሁትም ፍንክች የማይል ከሆነ ጥልቅ ነው። አንድ ፊት ላይ ሦስቱም ተቀላቅለው መገኘታቸው የተለመደ ነው። ስለዚህ «ለጠባሳ የሚሆነው አንዱ ሕክምና የትኛው ነው?» ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የለም።

ከቤት የሚጀመረው

ሰው የሚንቀው ግን እኔ ከሁሉ የማስቀድመው ሬቲኖይድ የሚባለውን የቅባት ዓይነት ነው። ከቫይታሚን ኤ ጋር የተዛመደ ነው። ትሬቲኖይን፣ አዳፓሊን፣ ታዛሮቲንና ትራይፋሮቲን ከዚህ ቤተሰብ ናቸው። ሁለት ሥራ በአንድ ላይ ይሠራሉ። አዲስ ብጉር ይከላከላሉ፤ ቆዳው ኮላጅን እንዲሠራም ይቀሰቅሳሉ።

ማስረጃ አላቸው ወይ? አላቸው። አዳፓሊን 0.3 በመቶ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ከሚባለው ሌላ የብጉር መድኃኒት 2.5 በመቶ ጋር ተቀላቅሎ በሰዎች ፊት ላይ ተሞክሯል። ግማሹ ፊት መድኃኒቱን ተቀባ፤ ሌላው ግማሽ መድኃኒት የሌለበትን ቅባት። ከ24 ሳምንት በኋላ መድኃኒቱ ባለበት በኩል የጉድጓዶቹ ቁጥር ወደ 15 በመቶ ገደማ ቀነሰ። በሌላው በኩል ጨመረ። ትልቁ ቁም ነገር ይህ «ጨመረ» የሚለው ነው፤ ብጉር ሳይታከም ሲቀር ጠባሳው እየተጠራቀመ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በ36 ሰዎች ላይ ታዛሮቲን 0.1 በመቶን ከመርፌ ሕክምና ጋር አወዳደረ። እዚህም በአንድ ፊት ላይ፣ አንዱ ጉንጭ ቅባት፣ ሌላው መርፌ። በ6 ወሩ የጠባሳው መሻሻል በሁለቱም በኩል ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ሆኖም ማታ ማታ እቤት የሚቀባ ጄል ክሊኒክ ከሚሠራ መርፌ ጋር እኩል መቆሙ ቀላል ነገር አይደለም።

አቀባቡ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ለመላው ፊት የአንድ አተር ፍሬ ያህል ይበቃል። ማታ፣ ፊት ታጥቦ በደንብ ከደረቀ በኋላ። መጀመሪያ በሳምንት 2 ወይም 3 ሌሊት ብቻ፤ ቆዳው ሲለምድ እየጨመሩ መሄድ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መድረቅ፣ መላላጥና ማቃጠል የሚጠበቅ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው «አልተስማማኝም» ብሎ የሚጥለው። ቀለል ያለ ማለስለሻ ቅባት መጨመርና ቀናቱን ማራራቅ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ጠየም ያለ ቆዳ ያላችሁ በተለይ አትቸኩሉ፤ ቅባቱ ቆዳውን በጣም ካስቆጣው ቁጣው ራሱ ጥቁረት ይተዋል። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ሬቲኖይድ መጠቀም የለባትም፤ ይህ ድርድር የለውም። በሱቅ ኮስሞቲክስ ውስጥ የሚገኘው ሬቲኖል የዚሁ ዘር ቢሆንም አቅሙ ደካማ ነው።

ሬቲኖይድ ጠባብና ጥልቅ ጉድጓድን አይሞላም። የሚያለሰልሰው ጥልቀት የሌለውን ነው። ግን የቀረውን ሕክምና ሁሉ ያግዛል።

ሰንስክሪን፣ ማለትም የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ ደግሞ ጉድጓድ አይሞላም፤ ያለ እሱ ግን ሌላው ልፋት በከንቱ ሊቀር ይችላል። ፀሐይ ኮላጅን ታፈርሳለች፣ ጥቁረትንም ታደምቃለች። ዕቃው ላይ የሚጻፈው የመከላከል አቅሙ መለኪያ፣ ኤስፒኤፍ፣ 30 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ ውጭ ስትውሉ በየ2 ሰዓቱ ይደገም። ለጠቆረ ቆዳ ቀለም ያለውና አይረን ኦክሳይድ የተጨመረበት ይመረጣል። በዓይን የሚታየው ብርሃንም ጥቁረት ስለሚያመጣ ነጩ ሰንስክሪን ብቻውን ያንን አያግደውም።

ቫይታሚን ኢ፣ የሽንኩርት ተዋጽኦ ያለባቸው ጄሎች፣ «ኮላጅን ያለበት ክሬም»? ለጎድጓዳ ጠባሳ ከእነዚህ ብዙ አትጠብቁ። ኮላጅን ትልቅ ሞለኪውል ነው፤ ስለተቀባ ብቻ ወደ ደርሚስ አይገባም። ሎሚና ቤኪንግ ሶዳ ደግሞ ቆዳ ያቃጥላሉ፤ ተዉአቸው። ከሁሉ የሚያሳስበኝ «ፊት ያጠራል» እየተባለ የሚሸጥ፣ ውስጡ እንደ ክሎቤታሶል ያለ ኃይለኛ ስቴሮይድ ያለበት ክሬም ነው። ስቴሮይድ ሲቆይ ቆዳን ያሳሳል፣ ብጉርም ያመጣል። ቆዳው ሳስቶ የጎደጎደ ሰው እንደገና የሚያሳሳ ነገር ይቀባል ማለት ነው።

ክሊኒክ ሲገባ

እዚህ ላይ «ቀዶ ሕክምና ያልሆነ» የሚለው ነገር ድንበሩ ይደበዝዛል። ፒል ቢላ የለበትም፣ ግን ቆዳ ያነሳል። መርፌ ያለው ሕክምና ስፌት የለውም፣ ግን ያደማል። ሌዘር አይቆርጥም፣ አንዳንዱ ግን ያተናል። ማስታወቂያው ሁሉንም በአንድ ቅርጫት ይከታቸዋል። ጥያቄያችሁ «ቀዶ ሕክምና ነው?» ከሚሆን «የላይኛውን የቆዳ ሽፋን ይጎዳል? ስንት ቀን ከቤት ያውለኛል?» ቢሆን ይሻላል።

ከቀላሉ እንጀምር። ኬሚካል ፒል አሲድ ተቀብቶ የላይኛው ሽፋን እንዲነሳ ማድረግ ነው። ግላይኮሊክ አሲድ ከ20 እስከ 70 በመቶ፣ ሳሊሲሊክ አሲድ ከ20 እስከ 30 በመቶ ይሠራበታል። ቀለል ያሉ ፒሎች ጥቁረትን ያደበዝዛሉ፣ ቆዳን ያለሰልሳሉ፤ ጉድጓድ ላይ ያላቸው ውጤት ግን ትንሽ ነው። «በ5 ዙር ፒል ጠባሳ ይጠፋል» ከተባላችሁ የትኛው ጠባሳ ብላችሁ ጠይቁ።

ከፒሎች መካከል አንዱ ግን ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2002 የኮሪያ ሐኪሞች ያሳተሙት ዘዴ ነው፤ ክሮስ ይባላል። ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ፣ በአጭሩ ቲሲኤ፣ ፊት ሁሉ ላይ አይቀባም። ሐኪሙ በቀጭን እንጨት ጫፍ ጠብታዋን ወስዶ እያንዳንዷ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ብቻ ይነክራታል። መጠኑ 65 ወይም 100 በመቶ ሊሆን ይችላል፤ እጅግ ኃይለኛ ነው። በሰከንዶች ውስጥ ነጥቡ ነጭ ይሆናል። ከዚያ ቅርፊት ይይዛል፣ ከውስጥ ኮላጅን ይሠራል፣ ጉድጓዱ ከግርጌው ወደ ላይ እየሞላ ይመጣል። ከ4 እስከ 6 ሳምንት እያራራቁ ብዙ ዙር ይደረጋል። ሌዘር ለማይደርስበት ለዚያ ጠባብ ጉድጓድ ከሚሆኑት ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው፤ ውድ ማሽንም አይጠይቅም። ግን እባካችሁ እቤት አትሞክሩት። ቲሲኤ በኢንተርኔት ይሸጣል፤ ጠብታዋ ከጉድጓዱ ወጥታ ከፈሰሰች ጠባሳውን ታሰፋዋለች። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይም ጥቁረት ወይም ንጣት ልትተው ትችላለች፣ ስለዚህ ልምድ ያለው እጅ ይፈልጋል።

ማይክሮኒድሊንግ ቀጣዩ ነው። በጥቃቅን መርፌዎች ቆዳውን እየወጉ ሰውነት የመጠገን ሥራውን እንዲጀምር ማድረግ። ለጠባሳ መርፌው ብዙውን ጊዜ ከ1.5 እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር ይገባል። ማደንዘዣ ቅባት ይቀባል፣ ትንሽ ይደማል፣ ፊቱ ለሁለት ሦስት ቀን ይቀላል። ከ3 እስከ 6 ዙር፣ በየ4 ወይም 6 ሳምንቱ። ለጠቆረ ቆዳ ያለው ጥቅም ሙቀት ስለሌለው የላይኛው ሽፋንም ስለማይገፈፍ ጥቁረት የመተው ዕድሉ ከብዙ ሌዘሮች ያንሳል። ሞገድ መሰሉና ጥልቀት የሌለው ሳጥን መሰሉ ይሻሻላሉ። ጠባቡና ጥልቁ ብዙም አይሰማም።

በእጅ የሚሽከረከሩት የቤት ሮለሮች መርፌያቸው አብዛኛውን ጊዜ ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ጠባሳው ካለበት አይደርስም። ረዘም ያለውን መርፌ የገዛ ሰው ደግሞ ኢንፌክሽን ይጠብቀዋል። በተወጋ ቆዳ ላይ ያገኙትን ሴረም ማፍሰስም አደጋ አለው። ለቆዳ ላይ ብቻ የተሠራ ሴረም በመርፌው ቀዳዳ ሲገባ ጠጣር እብጠት ያመጣባቸው ሰዎች በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል።

መርፌው ላይ ራዲዮ ፍሪኩዌንሲ የሚባል የኤሌክትሪክ ሙቀት ሲጨመር ደግሞ ሙቀቱ የሚለቀቀው ከቆዳው ሥር፣ ደርሚስ ውስጥ ነው። ሜላኒን ያለው ከላይ ስለሆነ ብዙም አይነካም። በዚህ ምክንያት ለጠየመ ቆዳ ይወደዳል። ዋጋው ከተራው መርፌ ከፍ ይላል። አደጋ የለውም ማለት ግን አይደለም። ሙቀቱ ከበዛ ወይም መርፌው ከጠለቀ ማቃጠልና ከቆዳው ሥር ያለውን ስብ ማሟሟት ይችላል። ስቡ ሲጠፋ አዲስ ጉድጓድ ይመጣል።

ሌዘር

ሌዘር ሲባል ብዙ ሰው አንድ ማሽን ያስባል። ዓይነቱ ብዙ ነው። ለጠባሳ የሚሆኑት አብዛኞቹ ፍራክሽናል በሚባለው መንገድ ይሠራሉ፤ ሐሳቡ በሕክምና መጽሔት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ጨረሩ ፊቱን በሙሉ አይመታም። በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ዓምዶችን ብቻ ይመታል፤ በመካከላቸው ያለው ጤነኛ ቆዳ ሳይነካ ይቀራል። ጤነኛው የተመታውን ቶሎ ስለሚጠግነው ማገገሙ ያጥራል። ከዚያ በፊት ቆዳን በሙሉ የሚገፍፉ ሌዘሮች ነበሩ፤ ውጤታቸው ጠንካራ ነው፣ ማገገሚያቸውም ሳምንታት ነው።

ፍራክሽናሎቹም ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ቆዳን ሳያተን ከውስጥ የሚያሞቅ ነው፤ የ1540 እና የ1550 ናኖሜትር ሌዘሮች ምሳሌ ናቸው (ቁጥሩ የጨረሩ የሞገድ ርዝመት ነው)። ከ2 እስከ 4 ቀን ቅላትና እብጠት ይኖራል፤ ብዙ ዙር ይፈልጋል። ሁለተኛው ዓምዶቹን የሚያተን ነው፤ የካርቦን ዳይኦክሳይድ 10,600 ናኖሜትርና የኤርቢየም 2940 ናኖሜትር። በዙር ብዛት ሳይሆን በጉልበት ይሠራል፤ ለጥልቅ ሳጥን መሰል ጠባሳ ይሻላል። ግን ፊቱ ለሳምንት ያህል ቁስል ነው፤ ቅላቱም ሊቆይ ይችላል።

ጠቆር ላለ ቆዳ ነገሩ እዚህ ላይ ይከብዳል። ሙቀት ሜላኒን የሚያመርቱ ሴሎችን ይቀሰቅሳል። ከሌዘር በኋላ ጉድጓዱ ተሻሽሎ ፊቱ በጥቁር ነጥቦች ሊሞላ ይችላል። ይህ ብዙውን ጊዜ በወራት ይለቃል፤ ወራቱ ግን ረጅም ናቸው። ስለዚህ የሚሠራው ሰው የእናንተን ዓይነት ቆዳ ደጋግሞ የሠራ ይሁን። ጉልበቱን ቀነስ፣ ዓምዶቹን ራቅ ራቅ አድርጎ ዙሩን ያበዛ። ጆሮ ሥር ትንሽ ቦታ ላይ ሞክሮ ጥቂት ሳምንት መጠበቅም ነውር የለውም። «ለሁሉም ቆዳ ይስማማል፣ ምንም አያደርግም» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ እጠራጠራለሁ። ከንፈሩ ላይ ሄርፒስ (በቫይረስ የሚመጣ ውኃ የቋጠረ ቁስል) የሚወጣበት ሰውም አስቀድሞ ይናገር፤ ሌዘር ሊቀሰቅሰው ስለሚችል ሐኪሙ መከላከያ ክኒን ያዝዛል።

ከላይ የማይደረስበት

ያ ከሥር በክር የተሳበው ሞገድ መሰል ጠባሳስ? በሌዘርም በቅባትም ትንሽ ይለሰልሳል እንጂ ክሩ አይለቀቅም። ለዚህ ሳብሲዥን የሚባል ዘዴ አለ። ሐኪሙ ማደንዘዣ ወግቶ መርፌ ከቆዳው ሥር ያስገባና ክሮቹን ይቆርጣል። ስፌት የለውም፤ መበለዝና ማበጥ ግን አለ። ያለ ቀዶ ሕክምና ብቻ ብሎ የመጣ ሰው ይህን ሲሰማ ያመነታል። እኔ ግን፣ ጠባሳው ይህ ከሆነ፣ ከ6 ዙር ሌዘር በፊት ስለ ሳብሲዥን መነጋገር ይገባል ባይ ነኝ። ፊለርም አለ፤ ሃያሉሮኒክ አሲድ ከጉድጓዱ ሥር ተወግቶ ወዲያው ከፍ ያደርገዋል፤ ከወራት እስከ ዓመት ገደማ ቆይቶ ይሟሟል። የማያዳግም ለውጥ የፈለገ ሰው ይህን አስቀድሞ ይወቅ።

ምን ያህል ይጠበቅ?

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ፣ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት ግምገማ በብጉር ጠባሳ ሕክምና ላይ የተደረጉ 24 ሙከራዎችን መረመረ፤ በድምሩ 789 ሰዎች ተሳትፈውባቸዋል። ድምዳሜው፣ አንዱን ሕክምና ከሁሉ በፊት ይቅደም ለማለት የሚያበቃ ጠንካራ ማስረጃ የለም የሚል ነበር። ሕክምናዎቹ አይሠሩም ማለት ሳይሆን፣ ከሌላው ሁሉ ይበልጣል ተብሎ የተረጋገጠ አንድም የለም ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ማሽን ብቻ ያለው ክሊኒክ ያንኑ ማሽን ለሁሉም ሲያዝ ነቃ በሉ። ጥሩ ሐኪም ብዙውን ጊዜ ይቀላቅላል፤ ለጠባቦቹ ክሮስ፣ ለተሳቡት ሳብሲዥን፣ ለቀረው ገጽ መርፌ ወይም ሌዘር፣ ከሥር ሬቲኖይድና ሰንስክሪን።

ጉድጓድ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ፊት እንደ ሕፃን ይሆናል የሚል ተስፋ አትያዙ። መሻሻል ነው የሚገኘው። ጥላው ይቀንሳል፣ ጠርዙ ይለሰልሳል፣ ከርቀት አይታይም። ይህም ለብዙ ሰው ትልቅ ነገር ነው። «በፊትና በኋላ» የሚሉ ፎቶዎችን ስታዩ መብራቱን ተመልከቱ። የመጀመሪያው ከጎን በበራ መብራት፣ ሁለተኛው ፊት ለፊት በበራ መብራት ከተነሳ ያለ ምንም ሕክምና ግማሹ ጠባሳ ይጠፋል። የራሳችሁንም ለውጥ መከታተል ከፈለጋችሁ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ መብራት ተነሱ። ከመጀመሪያው ዙር በፊት አንድ፣ ከመጨረሻው ዙር 3 ወር በኋላ አንድ።

ስለ አይዞትሬቲኖይን ክኒን አንድ ነገር ላክል። ለከባድ ብጉር ይህን የወሰዱ ሰዎች «ከጨረስክ በኋላ ከ6 እስከ 12 ወር ምንም ነገር እንዳታስነካ» ይባሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጡ የባለሙያዎች ምክሮች ግን ለቀላል ፒልና ለፍራክሽናል ሌዘር ያን ያህል መጠበቅ በማስረጃ የተደገፈ እንዳልሆነ ገልጸዋል። ቆዳን በሙሉ ለሚገፍፉት ግን መጠንቀቁ እንዳለ ነው። ስለዚህ ክኒኑን በቅርቡ የጨረሰ ሰው ዓመቱ እስኪሞላ እጁን አጣጥፎ ከመቀመጥ ሐኪሙን ይጠይቅ። ትኩስ ጠባሳ ገና እየተስተካከለ ያለ ነውና ቶሎ መጀመሩ ሊጠቅም ይችላል።